የተወለወለው የናስ ባቡር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዋልተር አንድ ትሪ ሙሉ የናስ ቁራጭ ፊቴ አስቀምጦ «እስቲ ለያያቸው» አለኝ። ሁሉም ክብ ናቸው፣ ሁሉም ቡናማ ናቸው፣ ሁሉም ላይ የእንፋሎት ባቡር አለ። አንዱን አነሳሁና ሥራ ወዳድ ለመምሰል ከኪሴ ሶፍት አውጥቼ ልወለውለው ስል ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «አትንኪው!» ከዚያ በፊት የሠራሁት ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ነበር፤ እዚያ የዊልቸሩ እጀታ ካልተወለወለ ሱፐርቫይዘር ይቆጣል። እዚህ ደግሞ ለምን ወለወልሽ ብሎ የሚቆጣ አለቃ ገጠመኝ።

«ናስ ቆዳ አለው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቡናማው ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ ቆዳው ነው። አንዴ ከገፈፍሽው አይመለስም፤ ቢመለስም ሌላ ቆዳ ነው።» ሶፍቴን ወደ ኪሴ መለስኩ። እኛ ቤት ዓመት በዓል ሲቀርብ ያለው ናስ ሁሉ ተለቅሞ፣ በሎሚና በአመድ ታሽቶ፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ይጸዳ ነበር። ያልጸዳ ናስ የቤቱን ሴት ያሳማል። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመሰገንኩበትን ሙያ ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ጠዋት ጥፋት ነው ተባልኩ።

ሱቁ አሜሪካ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ዴንቨር አልቆ ኦሮራ የሚጀምርበት አካባቢ፣ በጎማ ቤትና በፀጉር ቤት መሀል የተሸጎጠ ጠባብ ክፍል ነበር። የድሮ ሳንቲም፣ ሜዳሊያና ቶክን ይገዛል፣ ይሸጣል። ቶክን ማለት መንግሥት ያላተመው ግን አንድ ነገር የሚያስገኝ የነበረ ቁራጭ ብረት ነው። አንዱ ትራም ያሳፍር ነበር፣ አንዱ ቢራ ያስቀዳ ነበር፣ አንዱን ሠራተኛ ከመጋዘን መዶሻ ሲወስድ ያስይዘው ነበር። ዋልተር ከሁሉም አብልጦ የሚወደው የመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች የተቀረጹባቸውን የናስ ቶክኖች ነው። ከየአገሩ እየመጡ ምንነታቸው የጠፋባቸውን እየመረመረ ስማቸውን ይመልስላቸዋል። እኔን የቀጠረኝ ለዚህ ነው።

የተዋወቅነው በዊልቸር ነው። ጉልበቱን ታሞ ኤርፖርት ሲመጣ እኔ ነበርኩ የምገፋው። ፍተሻ ላይ ኪሱን ሲያራግፍ አንድ እፍኝ ናስ ወለሉ ላይ ተበተነ። ለቃቅሜ ሳንቲም ማስቀመጫው ላይ ሳስቀምጥለት፣ ሳላስበው፣ ጭስ ማውጫቸው ቀጭን የሆኑትን በአንድ ወገን፣ አፉ የሰፋውን በሌላ ወገን አድርጌ ኖሯል። «ለምን እንዲህ ለየሻቸው?» አለኝ። «ጭስ ማውጫቸው ይለያያላ» አልኩት። ካርዱን ሰጠኝ። ባለቤቴ «ሽማግሌው ቀልዶብሽ ነው» አለኝ። ክረምቱን ሙሉ በረዶ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ከቆየሁ በኋላ፣ ቀልድም ከሆነ ሙቀት ያለው ቀልድ ነው ብዬ ደወልኩ።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርታማችን ውስጥ ያሉ ሐበሾች ሥራዬን ሲሰሙ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። «ጥሩወርቅ ብለው ስም አውጥተውልሽ ናስ ትለቅሚያለሽ?» ይሉኛል። እኔም አብሬያቸው ስቄ ጠዋት ጠዋት ወደ ናሴ እሄዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስተኛ ነበርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ትናንሽ ነገር ላይ ዓይኔ ይተከላል፤ እናቴ ከምስር ውስጥ ድንጋይ ስታስለቅም እኔን ነበር የምትጠራው። ለዚህ ዓይን ደሞዝ የሚከፍል ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰባ ዓመት የሞላውን ሰው «ዋልተር» ብሎ መጥራት ብዙ ጊዜ ከበደኝ። «ሚስተር ዋልተር» ስለው «ሚስተር አባቴ ነበር» ይለኛል። በስተመጨረሻ ለመድኩት፤ በልቤ ግን አንቱ እንዳልኩት ቀረሁ።

መሣሪያዎቻችን ጥቂት ናቸው፦ ዓይን ላይ የምትገጠም ማጉያ፣ ስፋት መለኪያ፣ ትንሽ ሚዛን፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት። ዋልተር ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር መብራቱን ማስተኛት ነው። «ከላይ ካበራሽበት ሁሉም ነገር ለጥ ያለ ይመስላል። ከጎን አስተኝተሽ አብሪ፤ ጥላው ይናገራል።» ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ጠርዙን፣ ቀጥሎ ጀርባውን፣ ባቡሩን መጨረሻ ላይ። «ሰው ሁሉ ባቡሩን ያያል። አንቺ የምትከፈይው ሰው የማያየውን እንድታዪ ነው።»

ባቡሩን ማየት ሲፈቀድልኝ ግን እንደ ልጅ ደስ ይለኛል። የአውሮፓዎቹ የድሮ ባቡሮች ጭስ ማውጫቸው ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው። የአሜሪካዎቹ እንጨት ስለሚያነዱ፣ የእሳቱን ፍንጣሪ ለመያዝ የጭስ ማውጫቸው አፍ ሰፊ ነው፤ ደወል አላቸው፣ ፊት ለፊት ደግሞ ከሀዲዱ ላይ ከብት የሚገፋ ፍርግርግ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ጣሪያ የላቸውም፤ ነጂው ዝናብ እየመታው ቆሞ ነው የሚነዳው። አንዳንዱን የቀረጸው ሰው ደግሞ ባቡር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ በወሬ ነው የቀረጸው። ጎማዎቹን የሚያገናኝ ነገር የሌለው አለ። አንዱ ላይ ባቡሩ ወደ ግራ እየሄደ ጭሱም ወደ ግራ ይሄዳል። «ይሄ እንዴት ይሆናል?» ስለው ዋልተር ማጉያውን ሳያወልቅ «ነፋሱ ከኋላ ነው» አለኝ።

በብዛት የሚመጡት የካርታ መቁጠሪያዎች ናቸው። ባቡር ብርቅ በነበረበት ዘመን ጀርመን ውስጥ በርካሽ ይታተሙ ነበር፤ ሰዎች ካርታ ሲጫወቱ ነጥብ የሚይዙባቸው ስስ ናሶች ናቸው። ነጋዴና መርከበኛ ኪሱ ውስጥ ይዟቸው ስለዞረ ያልደረሱበት አገር የለም። ዋልተር በሩ አጠገብ አንድ ሳህን ሙሉ አስቀምጧል፤ ደንበኛ ሲሰለቸው ያንኮሻኩሻቸዋል።

ከሁሉም የከበደኝ ሦስተኛው ደንብ ነው፦ መጀመሪያ ዕቃው፣ ከዚያ ታሪኩ። ደንበኛ ቶክኑን አስረክቦ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ዝም ይላል። ታሪኩን አስቀድመሽ ከሰማሽ ዓይንሽ ታሪኩን እንጂ ናሱን አያይም ይላል ዋልተር። ለአሜሪካኖች ችግር የለውም፤ መጽሔት አንስተው ያነባሉ። ሐበሻ ሲመጣ ግን ምን ይደረጋል? ገና «እንዴት ናችሁ» ሳንጨርስ ታሪኩ አልቆ ያድራል።

አንድ ቀን ትልቅ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ መጣ። ቶክኑ ላይ ሎኮሞቲቭ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ ከሴተኛ አዳሪ ጋር አንድ ሌሊት የሚያሳድር መሆኑ ተጽፏል። ቃሉን ሳነብ ፊቴ ቀላ፤ ማታ ለባሌ እንኳ ተርጉሜ ልነግረው አልቻልኩም። በማጉያ ሳየው ፊቱ በጥቃቅን ቀዳዳ ተሞልቷል፤ ታትሞ ሳይሆን ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የተፈሰሰ ነው። የተጻፈበት ዓመት ነጂዎች በዝናብ የሚነዱበት ዘመን ነው፤ ባቡሩ ግን ጣሪያና ትልቅ የፊት መብራት አለው። ዋልተር በትህትና፣ ይሄ ለቱሪስት የተሠራ ነው አለው። «ቅድመ አያቴ ናቸው ከዚያ ቤት ያመጡት!» አለ ሰውዬው። ዋልተር ትንሽ አሰበና «እንኳን ደስ ያለህ፣ ቅድመ አያትህ እዚያ ቤት አልሄዱም ማለት ነው» አለው። ሰውዬው ስቆ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም ደንበኛችን ሆነ።

በኋላ የጠቀመኝን ነገር የተማርኩት ግን ከአንድ አስቀያሚ ቁራጭ ነው። ተራራው ላይ ካሉት የማዕድን ከተሞች የመጣ የመጠጥ ቤት ቶክን ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ጽሑፍ መሀሉ ላይ ያለምክንያት ጠፍቷል። ዋልተር ገለበጠውና ጀርባው ላይ በመዶሻ የተመታ ቁጥር አሳየኝ። የማዕድን ጉድጓዱ መጋዘን የራሱ ባለቁጥር ቶክኖች ሲያልቁበት፣ ያገኘውን ናስ አንስቶ ቁጥር መትቶበት ለሠራተኛ ሰጥቶታል። «ስስ ናስ ከጀርባው ሲመታ ፊቱ ላይ ያብጣል» አለኝ። «ኪስ ውስጥ ሲተሻሽ መጀመሪያ የሚያልቀው ያበጠው ነው።» ጣቴን አሳለፍኩበት። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንዴ ካዩት አይረሳም።

ጋሽ ወልዴ የመጡት ሥራውን በደንብ ከለመድኩ በኋላ ነው። ከኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ የማውቃቸው፣ ጡረታ የወጡ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሣራ ነድታ አመጣቻቸው፤ እዚሁ ኦሮራ የተወለደች፣ ልታገባ ቀለበት ያሠረች ልጅ ናት። ዋልተር በእጁ የመስኮቱን ወንበር አሳያቸው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ዕቃውን እንየው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ታሪኩን ሳትሰሚ ዕቃውን ምኑን ታዪዋለሽ?» አሉኝና ቆመው ጀመሩ።

እንዴት አድርጌ ዝም ይበሉ እላለሁ? አባታቸው ድሬዳዋ የባቡሩ ጥገና ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ይህች ናስ የባቡር ሠራተኛነታቸው ምልክት ናት፤ ሲሞቱ ለበኩር ልጅ ተሰጠች። ለሣራ በሠርጓ ቀን፣ በሰው ፊት፣ የአያትሽ የሥራ ምልክት ነው ብለው ሊሰጧት አስበዋል። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ተፈራ ግን እዚሁ ከተማ ተቀምጠው፣ አባታችን ቁማርተኛ ነበር፣ ይህቺንም ከአንድ ግሪክ በካርታ ነው የበላት ይላሉ። «ይሄን ውሸት ሠርግ ላይ ካወራህ እኔ አልገኝም» ብለዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ቤተ ክርስቲያናቸውም ይለያያል፤ ጋሽ ወልዴ ኦርቶዶክስ፣ አቶ ተፈራ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ የተጣሉት ግን በሃይማኖት አይደለም፣ በአባት ነው።

ሣራ አባቷን ትከሻቸውን ያዘቻቸው። «እኔ ሁለቱም እንዲመጡ ነው የምፈልገው» አለችኝ። «አንክል ተፈራ ከሌለ ማነው ከዳዲ ጋር የሚቆመው? ዛትስ ኦል አይ ዋንት።»

ያን ሁሉ ጊዜ ዋልተር እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። አማርኛ አይገባውም። ታሪኩ ከላይ እስከ ታች ሲነገር ሰምቶ አንዲትም ያልሰማ እሱ ብቻ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ያልተነካ ዓይን የነበረውም የሱ ብቻ ነው። እኔማ ናሷን ሳላያት የባቡር ሠራተኛ አድርጌያታለሁ።

ጋሽ ወልዴ ከመሐረብ ፈትተው አስቀመጧት። ታብረቀርቃለች። ከመስኮቱ የመጣው ብርሃን ጣሪያው ላይ ተንጸባረቀ። «በየዓመቱ ለሙት ዓመቱ አጸዳታለሁ» አሉ በኩራት። «ድሮ በሎሚና በአመድ፣ አሁን በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ። አንድ ዓመት አልዘለልኩም።» ዋልተር ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ከዚያ ጠርዟን አየ፣ ጀርባዋን አየ፣ ባቡሩን አየ፣ መዘናት።

«የካርታ መቁጠሪያ ናት፣ ጀርመን» አለኝ በእንግሊዝኛ። «በሩ አጠገብ ሳህኑ ውስጥ ያሉት እህቶቿ ናቸው። ደግሞ በጽዳት ገድለዋታል።»

አለሳልሼ እስክናገር ጊዜ አላገኘሁም፤ ሣራ ሰምታለች። «ዳዲ» አለች ቀስ ብላ። «ለካርታ ጨዋታ ናት ይላል።»

ጋሽ ወልዴ አሁን ማንም ሳያሳያቸው የመስኮቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ረዥም ሰው ናቸው፤ ወንበሩ ላይ አጠሩብኝ። «እንግዲያው ተፈራ እውነቱን ነው» አሉ።

ናሷን አነሳኋት። ለማጽናናት አልነበረም፤ እጄ ሥራ ሲያጣ ስለማይወድ ነው። መብራቱን አስተኛሁ። ከሳህኑ ውስጥ እህቷን አወጣሁና ጎን ለጎን አደረግኋቸው። ያው ባቡር ነው፣ ያው ቀጭን ጭስ ማውጫ ነው። የእህቷ የውሃ ማፍያ በርሜል ላይ ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ። የጋሽ ወልዴዋ ላይም አሉ፤ መሀል ላይ ግን ሁለት ቦታ ጠፍተዋል። ዳር ዳሩ ደህና ሆኖ መሀሉ ብቻ፣ ሁለት ቦታ፣ ጎን ለጎን። ገለበጥኳት። ጀርባዋ ለጥ ብሎ ያበራል፤ ምንም የለም። ጣቴን ፊቷ ላይ አሳለፍኩ። ያቺ አስቀያሚ የማዕድን ቁራጭ ትዝ አለችኝ።

«ዋልተር፣ ከጀርባዋ ተመትታ ነበር» አልኩት።

ወሰዳት። ብዙ ቆየ። «ልክ ነሽ» አለ። «አንድ ነገር ተመትቶባታል። ምን እንደሆነ ግን አይታይም። ያላየነውን አንናገርም።»

ለጋሽ ወልዴ ተረጎምኩላቸው። ብድግ አሉ። «ቁጥር ነዋ! የአባቴ የሥራ ቁጥር ነው! እኔ ልንገርሽ፣ ቁጥሩ…»

«ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር አይንገሩኝ!» ብዬ ጮህኩ። በዕድሜዬ ሽማግሌ አፍ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸውም ደነገጡ፣ እኔም ደነገጥኩ። «ከነገሩኝ ያንኑ ነው የማየው» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ከዚያ አቶ ተፈራ፣ ነግሯት ነው ቢሉ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ለማንም አይንገሩ። ለሣራም አይንገሩ።» ከንፈራቸውን ገጥመው ተቀመጡ።

ከዚያ መድኃኒቱን ነገርኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ አትጸዳም። ሎሚ አያይም፣ ጨርቅ አያይም። ኪስዎ ውስጥ ይዘው ይዙሩ፣ በጣትዎ ይዳብሷት። ናሷ ትጠቁራለች። ጣት ከፍ ያለውን እየፈተገ ያነጣዋል፣ ጎድጎድ ያለው ግን እንደጠቆረ ይቀራል። የቀረ ነገር ካለ ይወጣል። ጨርሶ ካለቀ ግን የለም፣ እኔም የለም እላለሁ።

«ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው እኮ» አሉ። «ሳትጸዳ?»

«ሳትጸዳ።»

«አባቴን አጥቁሬ ላስቀምጠው?» ይሄን ሲሉ እንባቸው መጣ። መሐረቡን ናሷን ሊጠቀልሉበት አንስተው ዓይናቸውን ጠረጉበት።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ተፈራ ብቻቸውን መጡ። ሳይቀመጡ «ቁማር ናት አይደል?» አሉኝ። የካርታ መቁጠሪያ ናት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ተመትቶባታል፣ ምንነቱን አላወቅንም አልኳቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ወልዴ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል» አሉ። «እሱ የሚያውቀው አባት ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ነው። እኔ ስወለድ ሥራው ቀርቷል። እኔ የማውቀው አባት ካርታ ቤት ነው የሚያመሸው። እናቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው አይቻለሁ። ሠርግ ላይ ያን ሰው እንደ ታቦት ሲያሞግሱት ቁጭ ብዬ አልሰማም።» ሲወጡ ከሳህኑ ውስጥ አንድ መቁጠሪያ አንስተው አዩና መልሰው አስቀመጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይሄን ሣራ እንድታውቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን የደንበኛን ወሬ ለሌላ ደንበኛ አናወራም።

ሙት ዓመቱ ደረሰ፣ አለፈ። ሣራ ደውላ ሳቀችብኝ። «አባዬ በቀን አሥር ጊዜ ኪሱን ቼክ ያደርጋል። ሎሚ ስገዛ ራሱ ይቆጣኛል።» እኔ ግን አልሳቅኩም። ምንም ባይወጣስ? ጨርሶ አልቆ ከሆነስ? ሽማግሌውን ለከንቱ ተስፋ አሳልፌ ሰጠኋቸው ማለት ነው። ለዋልተር ስነግረው «ናሱን አንቺ አልመታሽው፣ አንቺ አላጸዳሽው» አለኝ። ትክክል ነበር፤ ቢሆንም አላስተኛኝም።

ሠርጉ ሲቃረብ ሁሉም መጡ። ጋሽ ወልዴና ሣራ መጀመሪያ ገቡ። አቶ ተፈራ፣ ሣራ ለምናቸው፣ ተከትለው ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ሰላምታው በአንገት ብቻ ነበር። ጋሽ ወልዴ ናሷን ከኪሳቸው አወጡ። ቡናማ ሆናለች፤ ያረጀ ቀበቶ መልክ ይዛለች። ዋልተር ሲያያት ፈገግ አለ።

መብራቱን አስተኝቶ ጀርባዋን አየ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ለእኔ አቀበለኝ፤ ደንቡ እንዲህ ነው፣ ሁለት ሰው ለየብቻ ያነባል። ማጉያዬን ገጠምኩ። መጀመሪያ ጥቁረት ብቻ ነበር። ትንሽ አዘነበልኳት። አንድ ክብ ሆድ፣ ከላዩ የሚወጣ ጭራ፦ ስድስት። አጠገቡ ሌላ ቁጥር አለ፤ ቀኝ ቀኙ ብቻ ነው የቀረው፣ ሁለት ጉብታ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ።

ዋልተር ያየውን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ጻፈልኝ። እኔም ያየሁት ያንኑ ነው፤ የሚያጠራጥረውም ያው ነው።

«ሁለት ቁጥር አለ» አልኩ በአማርኛ። «በመዶሻ የተመታ፣ የመሣሪያ መጋዘን ቁጥር የሚመታበት ዓይነት። የመጀመሪያው ስድስት ነው። ሁለተኛው ግማሹ አልቋል። ሦስትም ሊሆን ይችላል፣ ስምንትም። ስልሳ ሦስት ወይም ስልሳ ስምንት። ከዚህ በላይ ብል እዋሻለሁ።»

ጋሽ ወልዴን አየኋቸው። አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ቃላቸውን ጠብቀው እስከዚያች ደቂቃ አልተናገሩም።

የተናገሩት አቶ ተፈራ ናቸው፣ ከበሩ አጠገብ። «ስልሳ ሦስት ነው» አሉ።

ሁላችንም ዞርን።

«እማዬ» አሉ። ድምፃቸው የልጅ ሆነብኝ። «በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው፣ ‹ስልሳ ሦስት ዛሬም አልገባም?› ትል ነበር። ስትናደድ በስሙ አትጠራውም፣ ስልሳ ሦስት ነው የምትለው። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጠይቄም አላውቅም።»

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ከአፋቸው አነሱ። «ምሳውን ይዤለት ስሄድ» አሉ፣ «ዘበኛው ስም አይቀበልም። ስልሳ ሦስትን ጥራልኝ ነው የምለው። ቤት መጥቼ ለእማዬ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።» ወንድማቸውን ሳያዩ ጨመሩ፦ «ካርታም ይጫወት ነበር። እኔም አውቃለሁ። አንተን እንዳስመረረህ አውቃለሁ።»

አቶ ተፈራ መጥተው ናሷን ከእጄ ወሰዷት። ባቡሩን አላዩም፤ ጀርባዋን አገላብጠው አዩ። «የካርታም ናት፣ የሥራም ናት» አሉ። ሣራ ከሁለቱ መሀል ገብታ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ምን እንደምትል ጠፍቷት ዋልተርን አቀፈችው። ዋልተር የሆነው ነገር አንድም አልገባውም። «ስልሳ ሦስት ነው?» አለኝ። «ስልሳ ሦስት ነው» አልኩት። «ጥሩ» አለና መብራቱን አጠፋ።

ዋልተር በኋላ ሱቁን ዘግቶ ልጁ ወዳለበት ሄደ። እኔ ዛሬም እሠራለሁ፤ ናሶቹ በፖስታ ቻምበርስ ሮድ ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። የሱን መብራት እኔ ነኝ የያዝኩት።

ሠርጉ ላይ ነበርኩ። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ቆሙ። ጋሽ ወልዴ ናሷን ለሣራ ሲሰጧት ታሪኩን ሁሉ ተናገሩ፣ ካርታውንም ሳይቀር፤ ካርታው ላይ ሲደርሱ አቶ ተፈራ ተቀብለው ጨረሱት። ናሷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። በሣራ እናት ወገን ያሉ አንዲት አክስቷ ዘንድ ስትደርስ፣ ሴትየዋ ቅር አላቸው። «ምነው፣ እንዲህ የጠቆረ ነገር ለሙሽራ ይሰጣል?» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ምራቅ አስነክተው ሊወለውሏት አነሱ።

«እንዳይነኳት!» አሉ ሁለቱ ወንድማማቾች እኩል።

ሥራውን ሊማሩ ቤቴ ለሚመጡ የምነግራቸው ይሄንኑ ነው። ናስ አይወለወልም። ጀርባው ከባቡሩ ቀድሞ ይታያል። ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይሰማል፤ ግን ይሰማል።